ትልቁ ካሜራ እና የእናቴ ዓይን

«ካሜራህን እስቲ አሳየኝ... ትልቅ ነው?»

እትዬ ሀረገወይን ናቸው። ለልጃቸው ሰርግ ፎቶ አንሺ ሊቀጥሩ መቱ ከተማ ያለው ቤታችን ድረስ መጥተዋል።

ወንድሜ ዮሚፍ ካሜራውን አወጣና ረጅሙን ሌንስ ገጠመለት።

የእትዬ ፊት በራ።

«ካሜራ ማለት ይሄ ነው። የጎረቤቴን ልጅ ያነሳው እኮ የሳሙና ማስቀመጫ የሚያክል ነገር ይዞ ነው የመጣው።»

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ መሬት መሬቱን አያለሁ...

ስሜን አልጽፍም። አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ድምፅሽ አይሰማም ይሉኛል። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

የተጀመረው ካሜራው የተገዛ ዕለት ነው።

እናታችን ተጂቱ የዓመት ቡናዋን ሸጣ ገንዘቡን ለዮሚፍ ሰጠችው። ፎቶ አንሺ መሆን ነበር ምኞቱ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የፎቶ ክበብ አባል ስለነበርኩ «አብረሽው ሂጂና ምረጪለት» ተባልኩ።

አዲስ አበባ፣ ሱቁ ውስጥ፣ እጅጌውን ይዤ ጎተትኩት።

«ትንሿን እንውሰድ። በተረፈው ጥሩ ሌንስ እንገዛለን... ትርፍ ባትሪ፣ ሜሞሪ፣ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ። የእኛ አገር ዝናብ ነው።»

«ትንሿን ይዤ ሰርግ ቤት ብገባ የሙሽራው ጓደኛ ነው የምመስላቸው።»

«ፎቶውን ሲያዩት...»

«ሰው የሚቀጥርሽ ፎቶውን ከማየቱ በፊት ነው፣ እህቴ።»

እዚህ ላይ እንኳ ልክ ነበር።

ያለንን በሙሉ ለትልቁ ሰጠን። ሰው የተገለገለበት ነው፣ ግን ግዙፍ። ለቦርሳ የሚሆን አልተረፈንም... በፌስታል ጠቅልለነው ተመለስን።

እኔ በኋላ ከደመወዜ አጠራቅሜ ያቺኑ ትንሿን ከአንድ ጥሩ ሌንስ ጋር ገዛሁ። ለራሴ ብዬ።

ከዚያ ዳሪሙ ወረዳ፣ ገጠር ውስጥ፣ ሰርግ ተጠራን። መኪናው ካቆመበት ወዲያ መንገዱ የእግር ነው። ዝናቡ እዚያ ላይ ያዘን።

ስንደርስ ካሜራው ይበራል... ፍላሹ ይበርቃል... «ቀጭ» ይላል። ፎቶው ግን ጥቁር ነው። ድፍን ጥቁር።

ሙሽራዋ ወጥታለች። ዘመድ ተሰልፏል።

ዮሚፍ ጆሮዬ ሥር መጣ።

«ትንሿን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«እኔ ከፊት እቆማለሁ... አንቺ ከጎን አንሺ።»

በዚያው ቀረን። ትልቁን ለማሠራት አዲስ አበባ ወሰድነው፤ የሚቀየርለት ዕቃ የለም ተባልን። አዎ... እትዬ ሀረገወይን ያዩትና የወደዱት የሞተ ካሜራ ነበር።

እሱ ሰው ይደረድራል፣ ያስቃል፣ ትልቁን ደግኖ ፍላሹን ያበርቃል። ያንን እኔ ብሞት አልችለውም። እኔ ደግሞ መብራት ያዥ መስዬ ከጎን አነሳለሁ።

ፎቶዎቹ ተወደዱ። «ሳናውቅ ያነሳን ይመስላል» ይሉታል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ግርጌ «ዮሚፍ ፎቶ» የሚል ጽሑፍ አለ።

አንድ ቀን «ለሐርሜ እንኳ እንንገራት» አልኩት። እናታችንን የምንጠራት እንደዚያ ነው።

«እሷ ደግሞ ለእድሩ ሴቶች ትነግርና በማግሥቱ ሥራ የለንም።»

 ዝም ማለት ለእኔ ቀላል ነው...

ከዚያ ሐርሜ ታመመች። ከሆስፒታል «ወደ ቤት ውሰዷት» ተባልን። ምን ማለት እንደሆነ እሷም ገብቷታል።

አንድ ጠዋት ነጠላዋን እያስተካከለች «ለቅሶዬ ላይ የሚቆም ፎቶ የለኝም» አለች። «ዮሚፍ ያንሳኝ።»

እኔ ትንሿን ሳነሳ አየችኝ።

«አንቺ ተይው፣ የእኔ እናት። መጫወቻሽን አስቀምጪ። ዛሬ እሱ ብቻውን ያንሳኝ።»

ዮሚፍ አየኝ። አየሁት። ከሁለታችን አንዳችን አፋችንን ብንከፍት ኖሮ...

«ሐርሜ፣ ወደዚህ እዪ» አለና ትልቁን ደገነ።

አየችው። ሰው በእንዲህ ያለ ዓይን ሲታይ አይቼ አላውቅም።

እኔ መጋረጃው ጋ ተሸጉጬ በመስኮቱ ብርሃን አነሳኋት።

በማግሥቱ አሳትሜ አመጣሁላት። ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው።

«ዮሚፍ... እኔ እኮ አንተን ነበር የማየው፣ ፊት ለፊት። ለምንድን ነው ወደ ጎን ያየሁት?»

«ሌንሱ ነው ሐርሜ። ትልቅ ሌንስ እንደዚህ ያደርጋል።»

«እውነትህን ነው... ትልቅ ነው» አለች። ከዚያ «ይባረክ» ብላ እጁን ሳመችው።

የእሱን እጅ።

ለቅሶው ላይ ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ቆመ። «ወዲያኛውን ዓለም እያየች ነው የተነሳችው» እያለ ሰው አለቀሰ።

እኔ ወዴት እንደምታይ አውቃለሁ። አንድ ፎቶ እንኳ ማንሳት የማይችል ብረት ነበር የምታየው። እኔ ደግሞ መጋረጃው ጋ ነበርኩ።

ካሜራ ስትገዙ ያላችሁን ሁሉ ለሰው ዓይን አታውሉት። ለሌንሱም፣ ለዝናቡም አስተርፉ። በእጃችሁ የሠራችሁትን ደግሞ የምትወዱት ሰው በሕይወት ሳለ «እኔ ነኝ» በሉት... ከለቅሶ በኋላ ብትናገሩት የሚሰማችሁ ሌላ ሰው ነው።

ትናንት ዮሚፍ ደወለልኝ። አዲስ ካሜራ ሊገዛ ነው።

«አብረሽኝ ሂጂና ምረጪልኝ... ብቻ በመጠን ከድሮው አይነስ» አለኝ።

እስካሁን አልመለስኩለትም።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? አብራችሁት ትሄዳላችሁ? ወይስ ከእናታችሁ ፎቶ ፊት አስቀምጣችሁ መጀመሪያ ይህን ታነቡለታላችሁ?

ጻፉልኝ... ሁሉንም አነባለሁ። መልስ ካልሰጠሁ አፍሬ ነው።