የእማማ ካሰች ሎሚና የተወተፈው መስኮት

እማማ ካሰችን ያዋረዳቸው ወንዳወቅ ነው... የገዛ ልጃቸው!

"ይሄን ቅጠላ ቅጠል ከቤቴ አውጪልኝ አልኩ እኮ!" አለና የእንዶዱን ባልዲ አንስቶ ግቢው ላይ ደፋው።

አረፋው ተንከባሎ አራስ ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤቶች እግር ሥር ደረሰ።

ሸጋዬ የምትባለዋ ጎረቤት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

እማማ ካሰች ግን አልሳቁም።

"አንተ የተጠቀለልክበት ጨርቅ በምን ይታጠብ የነበረ ይመስልሃል? ባሕር ዳር ልኬ አሳጥበው ነበር?"

"እማዬ፣ ያ ገጠር ነው። ይሄ ፍኖተ ሰላም ነው። ልጄ ቢታመምብኝስ?"

"እና የፍኖተ ሰላም ቆሻሻ ቅጠል አይፈራም?"

አሁን ሁሉም ሳቁ... የወንዳወቅ ፊት ጠቆረ።

"ነገ ጠዋት ጅጋ የሚሄድ መኪና ላይ አሳፍርሻለሁ። ለክርስትናው እንጠራሻለን።"

እንጠራሻለን!

ክርስትናው እኮ ሦስት ቀን ነው የቀረው። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። እንደ ሩቅ ዘመድ ሊጠሩ?

እማማ ካሰች ከጅጋ ማዶ ካለው መንደራቸው የመጡት ቤቱን ለእንግዳ ሊያሰናዱ ነበር። ከአጥራቸው ለቅመው ያደረቁትን እንዶድ ወቅጠው፣ ግራዋ አስረው፣ አመዱን በወንፊት ነፍተው...

እንስራውን በግራዋ ፈተጉት። ድስቱን በአመድ አሹት፣ ፊት ያሳይ ጀመር።

ከመኝታ ቤቱ ጋር በተያያዘው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ደግሞ ቢጫ እድፍ ነበር። የቡሬ ሎሚ ጨመቁበት፣ "ይቆይ፣ እስኪበላው" ብለው ተዉት።

አራሷን ምራታቸውን ህይወትንም አልረሱም። ነፋስ እንዳይመታት የመኝታ ቤቱን መስኮት ዘግተው ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፉት።

"እማማ፣ ታፈንን እኮ..." ብላቸው ነበር።

"ዝም በይ፣ አራስ ነሽ!"

እንግዲህ ያ ሁሉ ልፋት ግቢው ላይ ከተደፋ በኋላ መቀመጥ አቃታቸው።

ጓዛቸውን ቋጠሩ... ፈቱት... መልሰው ቋጠሩት።

በሩ ድረስ ሄዱ። ተመለሱ።

"ዛሬውኑ ሄጄ ነው የማሳየው!" አሉ ለራሳቸው።

የልጅ ልጃቸውን ጠረን ሲያስቡ ደግሞ እግራቸው አልንቀሳቀስ አለ።

ወንዳወቅ እጅጌውን ሰብስቦ መታጠቢያ ቤት ገባ። ሎሚው ወለሉ ላይ እንዳለ፣ የበረኪናውን ጠርሙስ እንዳለ ገለበጠበት።

ምን እንዳለበት አልጠየቀም። ማንን ብሎ ይጠይቅ!

ብዙም አልቆየ...

መጀመሪያ ህይወት ሳለች። ደጋግማ ሳለች።

ከዚያ የሕፃኑ ለቅሶ ቁርጥ አለ።

እማማ ካሰች በሩን በርግደው ሲገቡ ዐይን የሚያቃጥል ሽታ ተቀበላቸው። ሕፃኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ግቢ ሮጡ። "ህይወት፣ ተከተይኝ! ቶሎ!"

"እንዶድሽ ነው! አልኩሽ! አልኩሽ!" ወንዳወቅ ይጮሃል።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረሱ። ሕፃኑ መተንፈስ ሲቀለው ምስክር የምትባለዋ ነርስ ወደ እነሱ ዞረች።

"ቤቱን በምን ነበር ያጸዳችሁት?"

"በእንዶድ!" አለ ወንዳወቅ፣ ጣቱን እናቱ ላይ ቀስሮ።

"ሕፃኑ የነበረበትንስ?"

"እ... አጠገቡ ያለውን መታጠቢያ ቤት እኔ ነኝ። በበረኪና።"

"ብቻውን?"

"ሎሚ ነበረበት" አሉ እማማ ካሰች።

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። "በረኪና ከሎሚም ከአቼቶም ጋር አይገናኝም! መርዝ የሆነ አየር ያወጣል። ልጅህን ያፈነው እንዶድ አይደለም። እንዶድም ቢሆን ግን ከሕፃን አፍና ዐይን ይራቅ፣ እማማ።"

የእማማ ካሰች አንገት ረዘመ። "ሰማህ አንተ?" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ...

"ግን ቤቱ መስኮት የለውም እንዴ?" አለች ነርሷ። "ተከፍቶ ቢሆን ይሄን ያህል አይታፈኑም ነበር። ማን ነው የዘጋው?"

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ህይወት መሬት መሬት አየች።

እማማ ካሰችን አሁን የሚጠብቃቸው ከክርስትናው መባረር ብቻ መች ነው? ሕፃኑን ማን ዳግም ያስታቅፋቸዋል?

"እኔ ነኝ" አለ ወንዳወቅ።

"እኔ ነኝ የዘጋሁት።"

ሲወትፉ በዐይኑ አይቷቸው ነበር እኮ!

ነርሷ ቤቱ በደንብ ሳይናፈስ እንዳይገቡ ስላስጠነቀቀቻቸው፣ ያቺ የሳቀችው ሸጋዬ ቤቷን ለቀቀችላቸው። ወንዳወቅ "ነገ አትሄጂም፣ እማዬ" አለ እንጂ ስለ መስኮቱ ትንፍሽ አላለም።

ልብ በሉ ወገኖቼ...

እሱ የእናቱን እውቀት ናቀ። እሳቸው ደግሞ "ታፈንን" ያለችውን አራስ ናቁ። ሎሚው ለብቻው ደግ ነበር፣ በረኪናውም በቦታው ደግ ነበር። ሕፃኑን ሊገድል የነበረው አለመጠያየቃቸው ነው። በቅጠልም አጽዱ፣ በገዛችሁትም አጽዱ፣ ግን መጀመሪያ ጠይቁ!

እማማ ካሰች በማግስቱ ጠዋት ምን አደረጉ?

ጎረቤቶቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆመው ሳለ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረው ወደ መኝታ ቤቱ ገቡ። ጨርቁን አንድ በአንድ ነቀሉ። መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱና አንገታቸውን አወጡ።

"ስሙ!" አሉ። "ይሄን መስኮት የወተፍኩት እኔ ነኝ። ልጄ ትናንት የዋሸው እኔን ሊሸፍን ነው!"

ትናንት የሳቀችው ሸጋዬ ዛሬ አልሳቀችም።

እናንተስ? ሌላ ሰው ጥፋታችሁን ተሸክሞላችሁ ማንም ሳያውቅባችሁ ቢቀር... መስኮቱን በሰው ፊት ትከፍቱት ነበር ወይስ ዝም? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... የምትዋሹ ከሆነ ግን ይቅርብኝ!