በውሽንፍር መሀል የተደወለ ስልክ

በካዛክስታን ሜዳ መኪናቸው የበረዶ ክምር ውስጥ ተሰንቅራ ቆመች። ራውሻን ኋላ ወንበር ላይ ትንሿን ልጇን አይሱሉን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቅፋለች። ውጭ ውሽንፍሩ ያፏጫል።

«ነገ እንሂድ ብዬህ ነበር» አለችው ባሏን።

«እናቴ ቤት መሄድ መቼ ደስ ብሎሽ ያውቃል?» አለ ዳንያር። «ይልቅ ደውዪላትና ትራክተር ትላክልን፤ ቤንዚኑ እያለቀ ነው።»

እየመረራት ደወለች።

«እማማ፣ ራውሻን ነኝ። በረዶ ይዞናል፣ ሰው ላኩልን።»

«የምን ራውሻን?» አሉ አማቷ። «ራውሻንማ ይኸው ሻይ እየቀዳችልኝ ነው። ዳንያርም ጫማውን አውልቆ ምድጃ ሥር ይሞቃል።»

ከወዲያ የአይሱሉ ሳቅ ተሰማት። አይሱሉ ግን እቅፏ ውስጥ ተኝታለች።

«ማናት እማማ?» አለ አንድ ድምፅ። የራሷ የራውሻን ድምፅ ነበር።

«እንጃ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። በትዳሯ ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብለዋት አያውቁም። «አንዷ ቀልደኛ ናት። በሩን ቆልፊው።»

ስልኩ ተዘጋ።

«ምን አለች? ይመጣሉ?» አለ ዳንያር።

«ማንም አይመጣም» አለች ራውሻን። «እኛ ደርሰናል።»