ሁለተኛው አምባር

ወይዘሮ ትርንጎ የብረት ጉልበት ካስገቡ ዛሬ አሥረኛ ቀናቸው ነው። ጠያቂ ቤቱን ሞልቶታል፤ አልጋው አጠገብ ባለው ወንበር ግን ማንም አልተቀመጠም፤ ሁለተኛው አምባር የተቀመጠው እሱ ላይ ነዋ። አንዱን አምባር በሽተኛው ያጠልቃል፤ ሌላውን ያጠለቀ ሰው ሕመሙን እኩል ይካፈለዋል።

ፊዚዮቴራፒስቷ ቤዛ እግራቸውን ደግፋ ያዘች።

"እማማ፣ ጉልበትዎ ዛሬ ካልታጠፈ እንደ ደረቀ ይቀራል። ለሩብ ሰዓት የሚያግዝዎ ሰው ቢገኝ ይችሉታል።"

ትርንጎ ታናሽ እህታቸውን ስንዱን አዩ። አምና ስንዱ የሐሞት ጠጠር ሲያሰቃያት ሦስት ቀን ሙሉ አምባሩን ያጠለቁላት እሳቸው ነበሩ።

"እትዬ፣ ነገ እኮ ሥራ ገቢ ነኝ" አለች ስንዱ አቀርቅራ።

"እኔም የራሴ ወገብ አለልሽ" አሉ ጎረቤታቸው አቶ ጌጡ። "በአንድ አህያ ሁለት ጭነት ይጫናል እንዴ?" ሰዉ ሳቀ።

"በይ እጠፊው፣ ልጄ" አሉ ትርንጎ።

ቤዛ አጠፈችው። ትርንጎ ጮኹ፤ ጉልበቱም ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ብቻቸውን የቻሉት እስከዚያ ነበር።

ጠያቂው ከንፈሩን መጠጠ። "አይዞሽ!" "እግዜር ይማርሽ!" አሉ ሁሉም ካሉበት ሆነው። ድሮ የማያውቀውን መንገደኛ እንኳ እንቅፋት ሲመታው ያየ ሁሉ ሳያስበው "እኔን!" ይል ነበር። አምባሩ ከመጣ ወዲህ ግን ይህን ቃል የሚደፍር የለም። ትርንጎ አንድ ሰው እንኳ ተሳስቶ ያወጣው እንደሆን ብለው፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ ጆሯቸውን ሰጥተው ጠበቁ።