ሦስተኛው ተጫዋች

አርብ ከሰዓት፣ በዓረብ አገሯ መንሱራ ባለችው ጠባብ ክፍል የነበሩት ቃለጽድቅና ጓደኛው ቢላል ብቻ ናቸው። ጨዋታቸው አንዱ ታሪክ እየፈጠረ የሚተርክበት፣ ሌሎቹ ዳይስ የሚባለውን ባለቁጥር ጠጠር እየጣሉ በታሪኩ ውስጥ የሚኖሩበት ነው። ሦስተኛው ተጫዋች ወንድወሰን አገር ቤት ከገባ ወዲህ ግን የእሱ ፍራሽ ባዶ ነው።

«ወንድሜ፣ ጨዋታ ለሁለት አይደምቅም» አለ ቢላል። «ዛሬ ሦስተኛ ሰው ካልተገኘ ኸላስ፣ ከእንግዲህ አልመጣም።»

ቃለጽድቅ ከአርብ በቀር ሰው የሚያዋራበት ቀን አልነበረውም። ተራኪው እሱ ነበርና አንድ እንግዳ ፈጠረ፤ በበረሃ መንገድ መጥቶ አጠገባቸው ቁጭ ያለ መንገደኛ። እንደ ጨዋታው ደንብም ወደ ባዶው ፍራሽ ዞሮ «እንግዳው፣ ምን ታደርጋለህ?» ሲል ጠየቀ።

«ማንም እንዳይሄድ በሩን እቆልፋለሁ» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

ቢላል በሳቅ ፈነዳ። «ያላ! አንተ ዝምተኛ፣ ድምፅህን እንዲህ መለወጥ የት ተማርክ?»

ቃለጽድቅ አፉን አልከፈተም ነበር። ወዲያው የክፍሉ ቁልፍ ሲዞር ሁለቱም ሰሙ። ቢላል ዘሎ ተነስቶ እጀታውን ቢስብ ቢገፋ፣ በሩ አልከፈት አለው።

ተራው የእንግዳው ነበርና ቃለጽድቅ ዳይሱን አንስቶ ወደ ባዶው ፍራሽ አስጠጋለት።