የአውራ ጣቴ ኪንታሮት

ሰው ቫይረስ ይፈራል፤ እኔ እንቀዋለሁ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ላቦራቶሪያችን የማጠናው ኪንታሮት የሚያወጣውን ነው። የሰው ሴል ውስጥ ገብቶ «እደግ!» እያለ የሚያዝ ጥገኛ! የቫይረሱ ፕሮቲን ትንሽ ከተለወጠ ደግሞ ሴሉ ማቆሚያ ያጣል።

ናሙና ሲቸግረን የአውራ ጣቴን ኪንታሮት ቆርጬ ሰጠሁ።

«ወላሂ ዶክተር ሙንዚር፣ የገዛ ሥጋዎን ባያበቅሉት ይሻላል» አለች ከሐርቡ የመጣችው ረዳቴ ሱሀይላ።

«የሐርቡ ወሬሽን እዚያው ሐርቡ ትተሽ ነይ» አልኳት።

ሴሎቹን በሁለት የብርጭቆ ሳህን ዘራናቸው። ፕሮቲኑ ያልተለወጠበት ሳህን ላይ ተራ ክምር ሆኑ። በተለወጠው ግን መስመር እየሠሩ፣ እየተጠማዘዙ አደጉ።

«አሻራ ይመስላል» አለች።

«አንቺ'ኮ የሽሮ አረፋ ውስጥም ሰው ይታይሻል።»

ዛሬ ጠዋት የላቦራቶሪያችን በር ላይ ያለው የአሻራ መሣሪያ አውራ ጣቴን አልቀበል አለኝ። የማይረባ ዕቃ! ጣቴን በሱሪዬ ጠርጌ ደገምኩ፤ እምቢ አለ። ያኔ ጣቴን አየሁት። እንደ መስታወት ለስልሷል፤ አንድም መስመር የለበትም።

ሱሀይላ ከውስጥ ከፈተችልኝ። ሳህኑን በጓንት ይዛለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዶክተር፣ አሁንስ ይዩት።»

«አሻራ ነው ካልሽ መሣሪያውን አስነኪዋ!» ብዬ ሳቅሁባት።

«ቢስሚላህ» ብላ ክዳኑን ከፈተች፤ ሳህኑን ዘቅዝቃ አስጠጋችው።

መሣሪያው አረንጓዴ በራ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር ሙንዚር» አለው።