ሩጫ የተፈቀደበት ጠዋት

አዳማ ውስጥ መኪኖች ያለ ሹፌር መሄድ ከጀመሩ ወዲህ በመንገድ ላይም ሆነ በሜዳ መሮጥ ክልክል ነበር። መኪኖቹ በሜዳውም ሳይቀር የእያንዳንዱን እግረኛ ፍጥነት አስልተው ስለሚያልፉ፣ ድንገት የሮጠ ሰው ያሳስታቸዋል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን አንድ መንገድ ለሯጮች ብቻ ተለቀቀ።

ድሮ የክለብ ሯጭ የነበረችው ውዴ ልጇን ሳምራዊትን ይዛ ቀድማ ደረሰች። መቶ ሜትር ለክታ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ቆመችና «ወደ እኔ ሩጪ!» አለቻት።

ሳምራዊት ስምንት ዓመት ቢሞላትም ሮጣ አታውቅም። መጀመሪያ ተደነቃቀፈች፤ ከዚያ እግሯ ፈታ አለና እየሳቀች መጣች።

«በሃያ አምስት ሰከንድ ደረስሽ» አለች ውዴ። «መቶውን ለሃያ አምስት ስናካፍለው፣ በሰከንድ አራት ሜትር ሮጠሻል ማለት ነው።»

ልጅቷ ግን ደረቷን ይዛ ደነገጠች። «እማዬ፣ ውስጤ የሆነ ነገር ይመታል። አመመኝ መሰለኝ።»

የውዴ ዓይን እንባ አቀረረ። «አላመመሽም የኔ ልጅ፤ ልብሽ ነው። ሰው ሲሮጥ እንዲህ ይመታል።»

ሳምራዊት ጥቂት አዳመጠችና ፊቷ በራ። «አሁን በሰከንድ ከአራት ሜትር በላይ እሮጣለሁ። አንቺም ነይ።»

«ሰዓቱን ማን ይይዛል?»

«ይቅር» አለችና እናቷን እየጎተተች ሮጠች።