ከኋላዋ የሚተነፍሰው

ላውንደሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ካውያ» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆማ ሸሚዝ ስትተኩስ ወገቧ እንቢ እያላት መጣ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ አልጋ ላይ የዋሉትን አማቷን ማንሳትና ማገላበጥ ተጨመረበት። አንድ ቀን ጎንበስ እንዳለች ቀና ማለት አቃታት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መርምራት፣ «አንቺን የሚያድንሽ ዮጋ ነው» አለቻት። «እዚያው ቤትሽ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት። ትንፋሽሽን እንዳትይዢ ድምፅሽን አውጥተሽ ቁጠሪ። አንድ ቀን ከዘለልሽ ነገም ትዘልያለሽ።»

ካውያ የተባለችውን አደረገች። በየማለዳው ሳሎኑ መሃል ሰማያዊ ምንጣፍ ትዘረጋለች። አማቷ ድንገት ቢያቃስቱ እንድትሰማ የመኝታ ቤታቸውን በር ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። «ወደ ውስጥ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወደ ውጭ…» እያለች እጆቿን ወደ ላይ ትዘረጋለች፤ ትንበረከካለች፤ ግንባሯን መሬት ታስነካለች። መጀመሪያ ሰሞን ለራሷም ሳቋ ይመጣ ነበር። ሲውል ሲያድር ግን ወገቧ ላላላት፤ ልማድም ሆነባት።

አማቷ ልጃቸው ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደተኙ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሐኪሙ ከእግር እስከ ራሳቸው አይቶ፣ «ሐዘኑ ነው የጣላቸው» ብሎ ሄደ። ካውያ ጠዋት አጣጥባቸው ትወጣለች፣ ለምሳ እየሮጠች መጥታ ታጎርሳቸዋለች፣ ተመልሳ እየሮጠች ትሄዳለች።

ሦስተኛው ወር ላይ ነው። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ እንደደፋች «ወደ ውጭ» ስትል፣ ከኋላዋ ሌላ ሰው ተነፈሰ።

መቁጠሯን አቆመች። ትንፋሹም ቆመ። ስትጀምር አብሯት ጀመረ፤ ረጅም፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ። ዞር ብላ አየች። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የባሏ ፎቶ በቀር የሚያያት የለም። ብድግ ብላ በመኝታ ቤቱ በር አጮለቀች፤ አማቷ እንደወትሮው ለግድግዳው ፊታቸውን ሰጥተው ተኝተዋል።

በዚያው ሳምንት ለምሳ ስትገባ፣ ጠዋት ጠቅልላ ጥግ ያቆመችውን ምንጣፍ በሌላ አኳኋን ተጠቅልሎ አገኘችው። እጇን ጫነችበት። ሙቀትን በመዳፍ መለየት ሙያዋ ነው፤ ጨርቅ አያታልላትም። ከምንጣፉ ላይ ሰው ከተነሳ አምስት ደቂቃ አልሞላውም።

ከሥራ ስትመለስ፣ ከእነሱ በታች ምድር ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ደረጃው ላይ አስቆሟት።

«ልጄ፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ ቤትሽ የሚንጎራደደው ማነው?»

«ማንም የለም አባባ።»

«እንጃ እንግዲህ። ጆሮዬ ገና አልከዳኝም። አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልክ እንደ ባልሽ።»

ባሏ መኪና ከገጨው በኋላ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር። ካውያ የደረጃውን ብረት ይዛ ወጣች። እንደምትፈራ አስባ ነበር፤ ግን የመጣው ፍርሃት አልነበረም። በማግስቱ ምንጣፉን ስትዘረጋ ከአጠገቡ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተወች። ትንፋሹን እየሰማች ሠራች። ላንድ ሰውም ትንፍሽ አላለችም።

ክሳቷን አይታ የደነገጠችው ታላቅ እህቷ ናት። «እህትዬ፣ እሳቸውን ስታነሺ አንቺ ልትወድቂ ነው» አለቻት። «የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ ተገኝቷል። ሊወስዷቸው ቅዳሜ ይመጣሉ። ይኸው፣ ፈርሚ።»

ካውያ ፈረመች። ለአማቷ የምትነግርበት አፍ ግን አጣች።

ረቡዕ ማለዳ፣ መልመጃውን ጨርሳ በጀርባዋ እንደተዘረጋች፣ ለማይታየው ተናገረች።

«ደከመኝ። በጣም ደከመኝ። እናትህን ቅዳሜ ይወስዷቸዋል። እኔ ነኝ የፈረምኩት። መሸከም አቃተኝ እንጂ ጠልቻቸው አይደለም። ይቅር በለኝ።»

ትንፋሹ ቀጥ አለ። ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልተመለሰም።

ሐሙስም የለም። አርብም የለም። አርብ ማታ ግን ልብስ ሰፊው እንደገና አስቆሟት።

«ምን ነካው ሰውዬው? ሁለት ቀን ሙሉ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ዱብ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይነሳል። ዛሬማ ጭራሽ አላረፈም።»

ካውያ ባሏ እንደተቆጣት አወቀች። ለእህቷ ልትደውል ስልኳን አነሳች፤ ምን ብላ? መልሳ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፉን አልዘረጋችም። ከጀመረች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሳሎኑ ውስጥ አንገቷን ደፍታ፣ አየሩ ራሱ የሚወቅሳት እየመሰላት ተቀመጠች። ወደ ፎቶው አላየችም።

በሦስት ሰዓት ሁለት ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ገቡ። እህቷ ከኋላቸው ነበረች፤ መጥታ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

«የት ናቸው?» አለ አንደኛው።

«እዚህ» አለች ካውያ። «ቀስ በሉ እባካችሁ። አንገታቸውን ደገፍ አድርጉ። ራሳቸውን አይችሉም።»

በሩን ገፋችው።

አልጋው ተነጥፏል። አማቷ የውጭ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆመዋል፤ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ተራመዱና «ቃሬዛውን መልሱት» አሉ ሰዎቹን፣ «ይቺ ልጄ እንዳትቸገር፣ በእግሬ እሄዳለሁ።»